የድሮ ስፖርት መኪና ጉልበት ሲያጣ፦ ካርቡራተሩን ከመፍታታችሁ በፊት

ካቻቢቴውን መልሱት። ገና ነው።

የድሮ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ሞተሩ "አልጎትት" ያለው ዕለት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ኮፈኑን ይከፍትና በቀጥታ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ይወርዳል። ከፊት ስላለ፣ ስለሚያምር፣ የሚዞር ብሎንም ስለማያጣ። አንዷን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ፣ ሌላዋን ትንሽ ወደ ግራ፣ ሙከራ፣ እንደገና ሩብ ዙር። ማታ ላይ መኪናው ከጠዋቱ የባሰ ሆኖ ያድራል። ጠዋት አንድ የነበረው ችግር አሁን ሁለት ነው፤ የመጀመሪያውና እናንተ የጨመራችሁት። የቆዩ መካኒኮች የሚወዷት ቀልድ አለች፦ "የካርቡራተር ችግር" ከሚባለው አብዛኛው ፑንቲናው (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው ማብሪያ) ላይ ነው የሚገኘው። ቀልድ ትሁን እንጂ ውሸት አይደለችም።

እዚህ የማወራው ካርቡራተርና ፑንቲና ስላላቸው የ1960ዎቹና የ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መኪኖች ነው። ኤምጂቢ፣ ዳትሰን 240ዜድ፣ አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር፣ ጃጓር ኢ-ታይፕ፣ የዚያ ዘመን ልጆች። ኮምፒዩተር የላቸውም፤ ስህተቱን በኮድ የሚነግራችሁ የለም። ጥሩነቱ ግን ሁሉንም በዓይን፣ በጆሮና በርካሽ መለኪያ ማግኘት ይቻላል። ቅደም ተከተሉን ካልዘለላችሁ።

መጀመሪያ ጥፋቱ በእርግጥ የሞተሩ መሆኑን አረጋግጡ። ሞኝ ጥያቄ ይመስላል፤ አይደለም። የያዘ ፍሬን የሞተርን ጉልበት ሲበላ ከውስጥ ሆኖ ለመለየት ያስቸግራል። ፍሬን ብዙም ሳትነኩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚጋረፍ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ፤ ሞተሩ ንጹሕ ነው። ፍሪሲዮንም እንደዚሁ። በከፍተኛ ማርሽ ላይ ሆናችሁ ድንገት ጠበቅ አድርጋችሁ ስትረግጡ የዙር መለኪያው ሽቅብ ከወጣና ፍጥነቱ ካልተከተለው፣ ሞተሩ ጉልበት አላነሰውም፤ ጉልበቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

ሦስተኛውን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ። አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥ። እናንተ የአየር ማጣሪያውን አንሱና የካርቡራተሩ የአየር በር ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በዓይናችሁ እዩ። ኬብሉ ረዝሞ፣ ዘንጉ ላልቶ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ፔዳሉ ስር ገብቶ በሩ ግማሽ ላይ የሚቆምበት ጊዜ ስንት ነው መሰላችሁ። ሁለት ካርቡራተር ካለ ሁለቱም እኩል መከፈታቸውን እዩ፤ በመሃላቸው ያለው ማያያዣ ከላላ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይተኛል። ማጣሪያው እጃችሁ ላይ እያለ ውስጡን ተመልከቱ። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ከሆነ አይጥ ቤት ሠርታበት ልታገኙ ትችላላችሁ።

ከፍታንም አትርሱ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ 10 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ከባሕር ጠለል አጠገብ የተለካ 95 የፈረስ ጉልበት 2,000 ሜትር ላይ 95 አይደለም። ያ ብልሽት ሳይሆን የአየሩ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ጉልበቱ የሚጠፋው መቼ ነው?

ከጠዋት እስከ ማታ፣ በሁሉም ፍጥነት፣ ሞቀም ቀዘቀዘም ደካማ ከሆነ ቋሚ ነገር ነው የምትፈልጉት፦ ታይሚንግ (ብልጭታው የሚፈነጥቅበት ቅጽበት)፣ የሲሊንደር ግፊት፣ ያለቀ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ባለጉብታ ዘንግ)፣ የታፈነ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)። በዝቅተኛ ዙር ጥሩ እየሄደ በደቂቃ ከ4,000 ዙር በላይ እንደታነቀ የሚሆን ከሆነ በአመዛኙ ነዳጁ አይደርስለትም ወይም ብልጭታው ደካማ ነው። ሃያ ደቂቃ እንደ አንበሳ ሄዶ ከዚያ የሚዝል፣ አሥር ደቂቃ ሲያርፍ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚነሳ ከሆነ፣ ሲሞቅ የሚከዳ ቦቢና (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት የሚያወጣው ጥቅልል) ወይም ኮንደንሰር (ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀው)፣ መተንፈሻው የተደፈነ ታንክ፣ ወይም ታንኩ ውስጥ መሳቢያ ቱቦው ላይ እየተለጠፈ የሚያፍን ዝገት ጠርጥሩ። ዝገቱ መኪናው ሲቆም ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ለዚህ ነው የሚነሳው። ስትረግጡ ለአፍታ ደንገጥ ብሎ ከዚያ በደንብ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ይሄ የጉልበት ማጣት አይደለም፤ እንደ ዌበር ባሉት ካርቡራተሮች የማፍጠኛ ፓምፑን፣ በኤስዩ ካርቡራተር ደግሞ ከላይ ያለውን ዘይት እዩ፤ ደርቆ ይሆናል።

እየነዳችሁ የምታደርጓቸው ሁለት ሙከራዎች አሉ፤ ሁለቱም ሳንቲም አያስወጡም። ሞተሩ ሲደክም ቾኩን (ለቀዝቃዛ ሞተር ድብልቁን በቤንዚን የሚያበዛውን) ትንሽ ሳብ አድርጉ። ወዲያው ነቃ ካለ ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፤ ወይ ነዳጅ አይደርስም፣ ወይ ከሆነ ቦታ ትርፍ አየር ይገባል። ከባሰበት ወይም ምንም ካልተለወጠ ቤንዚኑን ለጊዜው ተዉትና ወደ ብልጭታው ሂዱ። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዙር መለኪያ ላላቸው ነው። ሞተሩ ሲቆራረጥ ዓይናችሁ መርፌው ላይ ይሁን። መኪናው በማርሽ ላይ እየተንከባለለ፣ ሞተሩም እየዞረ፣ መርፌው ግን ድንገት ወደ ዜሮ ከወደቀ ወይም እንደ እብድ ከዘለለ፣ ከቁልፉ እስከ ፑንቲናው ባለው ሽቦ ውስጥ የሆነ ቦታ እየተቋረጠ ነው። መርፌው ከሞተሩ ጋር ቀስ ብሎ ከወረደ ነዳጁን ጠርጥሩ። በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ግማሹን መንገድ ጨረሳችሁ።

አሁን መሣሪያ። በእኔ አስተያየት የሲሊንደር ግፊት ልኬት ከሁሉም ይቅደም፤ ምክንያቱም የተበላ ሞተርን ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው። ሞተሩን አሙቁ። ካንዴላዎቹን (ብልጭታው የሚፈነጥቅባቸውን) ሁሉ ንቀሉ፣ እያንዳንዱ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ምልክት አድርጉ፣ ወደ ቦቢናው የሚመጣውን ሽቦም ንቀሉ። የነዳጅ ፔዳሉ ሙሉ ተረግጦ ይያዝ፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ የአየር በሩ ተዘግቶ ሲለካ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣና ሰው ጤነኛ ሞተር ይከፍታል። በካንዴላው ቀዳዳ የተገጠመው የግፊት መለኪያ መጨመር እስኪያቆም፣ ማለትም አምስት ስድስት ጊዜ ገፋ እስኪያደርግ፣ አስነሺውን አዙሩ። ትክክለኛው ቁጥር እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከ120 እስከ 180 ፒኤስአይ መሃል ናቸው። ከቁጥሩ ይልቅ ዋናው እኩልነቱ ነው። 140፣ 145፣ 138፣ 142 ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። 145፣ 90፣ 85፣ 140 ከሆነ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ወድቀዋል፤ በመሃላቸው ያለው የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ተበልቷል ብላችሁ ጀምሩ።

አንድ ሲሊንደር ብቻ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኖለታል። ካልተለወጠ ቫልቭ ነው። ቫልቭ ከሆነ ቶሎ አትደንግጡ፣ መጀመሪያ በቫልቩና በሚገፋው ብረት መሃል ያለውን ክፍተት ለኩ። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ሙሉ አይዘጋም፤ ጉልበት ያመልጣል፣ ቆይቶም ቫልቩ ይቃጠላል። ለምሳሌ የኤምጂቢ ክፍተት 0.38 ሚሊ ሜትር ነው። የእናንተን ከመጽሐፉ እዩ፤ በሙቁ ነው በቀዝቃዛው የሚለካው የሚለውንም አብራችሁ አንብቡ።

የቫልቭ ክዳኑ ከተከፈተ ላይቀር አንድ ነገር ጨምሩ። ሞተሩን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩና እያንዳንዱ ቫልቭ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርድ አወዳድሩ። አንዱ ከጓደኞቹ በግልጽ ካነሰ የካምሻፍቱ ጉብታ ተበልቷል። ይህ በሽታ ተንኮለኛ ነው። ግፊቱ ጥሩ ሊመስል ይችላል፣ ብልጭታው ጥሩ ነው፣ ካርቡራተሩ ጥሩ ነው፣ መኪናው ግን ሽቅብ አይሄድም። የድሮዎቹ ካምሻፍቶች ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ዘይት ይፈልጋሉ፤ በአሁኑ ዘመን ብዙ የመኪና ዘይቶች ላይ ይህ ተቀንሷል። ስለዚህ ለድሮ ሞተር የተዘጋጀ ዘይት መግዛት ቅንጦት አይደለም።

ግፊቱ እኩል ነው? እሰየው። ወደ ብልጭታው።

የነቀላችኋቸውን ካንዴላዎች አስተያዩ። ቡናማ ወይም ግራጫ ቡናማ ጥሩ ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ካለው ቤንዚን በዝቶበታል ወይም ብልጭታው ደካማ ነው። ጥቁር ሆኖ በዘይት ከራሰ ጥፋቱ የፋሻ ወይም የቫልቭ መሪ ነው። ነጭና የተጠበሰ ከመሰለ ቤንዚን አንሶት በሙቀት እየተሰቃየ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሞተር በሙሉ ጉልበት አትንዱት፣ ፒስቶን ይበሳል።

ፑንቲናውን ክፈቱ። ገጹ ከተቃጠለ ወይም አንዱ ጎን ጉድጓድ ሌላው ጎን ጉብታ ከሠራ ቀይሩት፤ በተጓዳኝ የኮንደንሰሩን ጤና ጠርጥሩ። ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ይሠራል። ከዚያ ብልጭታውን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተር ዘንግ በጣታችሁ ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ያስተካከላችሁት ክፍተት በእያንዳንዱ ዙር ይለዋወጣል፤ ድካማችሁ ከንቱ ነው፣ መጀመሪያ ዘንጉን አሠሩ። አዲስ የተገዛ ሮተር (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው) እና ኮንደንሰርም ይከዳል። አዲስ ነገር ጤነኛ ነው ብላችሁ ከተጠርጣሪዎች አትሰርዙት፤ አሮጌውን ጥሩ ዕቃ አትጣሉ፣ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ።

ቦቢናው ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ወጥመድ አለ። አንዳንድ መኪኖች ለቦቢናው ሙሉ 12 ቮልት አይሰጡም፤ በመሃል ባላስት የሚባል ቮልቴጅ የሚቀንስ ተቃዋሚ ሽቦ አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ የሚሆነው ቦቢና በቴስተር ሲለካ በሁለቱ ትናንሽ ጫፎቹ መሃል 1.5 ኦም ገደማ ነው። ባላስት ለሌለው ደግሞ 3 ኦም ገደማ። ያለፈው ባለቤት የ3 ኦሙን ባላስት ያለው መኪና ላይ ገጥሞት ከሆነ ብልጭታው ይደክማል፤ ሞተሩ ይነሳል፣ በሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ) ደህና ይሠራል፣ ሸክም ሲመጣበት ግን ይተዋችኋል። የተገላቢጦሹ ደግሞ ቦቢናውን ያግላል፣ ፑንቲናውንም ያቃጥላል።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን፤ ታይሚንግ። ብዙ ሰው የታይሚንግ መብራቱን (ከብልጭታው ጋር አብሮ የሚበራውን) ይይዝና በሚኒሞ ያያል፣ ፑሊው ላይ ያለው ምልክት ልክ ነው ይላል፣ ይዘጋል። የሥራው ግማሽ ቀርቷል! ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ በስፕሪንግ (ሞላ) የተያዙ ሁለት ትናንሽ ክብደቶች አሉ፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር እየተከፈቱ ብልጭታውን ያስቀድማሉ። ከስንት ዓመት ቆሻሻ በኋላ ይጣበቃሉ። ያኔ በሚኒሞ ትክክል የሆነው ታይሚንግ 3,500 ዙር ላይ በጣም የዘገየ ይሆናል፤ ሞተሩ ይሞቃል፣ ይጮሃል፣ አይጎትትም። ስለዚህ መብራቱን ይዛችሁ ቀስ በቀስ ዙሩን ጨምሩ። ምልክቱ ሳይዘል ወደ ፊት መሄድ አለበት። የቫኪዩም ቱቦው (በሞተሩ የአየር መሳብ ብልጭታውን የሚያስቀድመው ክፍል ቱቦ) ተነቅሎና ተደፍኖ፣ በብዙዎቹ ሞተሮች ጠቅላላው ከ30 እስከ 36 ዲግሪ ይደርሳል። ካልተንቀሳቀሰ ፍቱት፣ አጽዱት፣ ጠብታ ዘይት ስጡት። ጠቅላላው ሥራ አንድ ከሰዓት አይፈጅም፣ መኪናው ግን ሌላ መኪና ይሆናል።

የቫኪዩም ማስቀደሚያው ላስቲክ ከተቀደደስ? ቱቦውን በአፋችሁ ሳቡት፤ አየር እንደልብ ከመጣ ተቀዷል፣ ቀይሩት። ግን ለሙሉ ጉልበት ማጣት እሱን አትክሰሱት። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ቫኪዩም ስለማይኖር ያኔ እሱ ሥራ ላይ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በአንዳንድ ሞተሮች የፊተኛው ፑሊ ሁለት ቀለበት ነው፣ በመሃሉ ላስቲክ አለ። ላስቲኩ ሲያረጅ ውጪያዊው ቀለበት ይንሸራተታል፤ ምልክቱ ያለው ደግሞ እሱ ላይ ነው። ምልክቱ ይዋሻል፣ እናንተም በውሸት ታስተካክላላችሁ። የአንደኛው ሲሊንደር ካንዴላ ተነቅሎ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ምልክቱ ዜሮ ላይ መሆኑን አንዴ አረጋግጡ።

ነዳጅ። እዚህ ጨዋታ የለም፤ ደጅ ላይ ሁኑ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር፣ የቦቢናው ሽቦ ይነቀል። ቀላሉን አስቀድሙ፦ መኪናው መንገድ ላይ ሲዝል ቁሙና የታንኩን ክዳን ክፈቱ። ፍስስ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከገባና ከዚያ መኪናው ከነቃ መተንፈሻው ተደፍኗል። ካልሆነ የቤንዚን ቱቦውን ከካርቡራተሩ ንቀሉና ጠርሙስ ውስጥ አስገቡት፤ ፓምፑን አሠሩት። የማይቆራረጥ፣ አረፋ የሌለው ፍሰት ነው የምትፈልጉት። አረፋ ካለ ከፓምፑ በፊት የሆነ ቦታ አየር ይስባል። መጠኑን ከመጽሐፉ ጋር አወዳድሩ። ጠርሙሱ ስር ቡናማ ዱቄት ከቀረ ታንኩ ዝጓል፤ ማጣሪያ መቀየር ብቻውን አይፈውሰውም።

ካርቡራተሩ? እሺ፣ አሁን ተራው ደረሰ። ኤስዩ ከሆነ ከላይ ያለውን ፒስተን በጣታችሁ ወደ ላይ ገፍታችሁ ልቀቁት፤ ሳይያዝ ወርዶ "ቀጭ" ማለት አለበት። ከተጣበቀ አጽዱት። ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማትሞላ አንሱት፦ ዙሩ ትንሽ ጨምሮ ከተመለሰ ድብልቁ ልክ ነው፣ ጨምሮ ከቀረ ቤንዚን በዝቷል፣ ሊጠፋ ካለ አንሷል። ስትሮምበርግ ከሆነ ደግሞ ከክዳኑ ስር ያለውን ላስቲክ እዩ። እሱ ከተቀደደ ፒስተኑ አይነሳም፤ ሞተሩ በሚኒሞ ጤነኛ፣ መንገድ ላይ ግን በሽተኛ ይሆናል። የብዙ ሳምንት ራስ ምታት መልሱ ያች ላስቲክ ናት። በማንኛውም ዓይነት ላይ የተበላ የአየር በር ዘንግ ትርፍ አየር ያስገባል፤ በብሎን አይስተካከልም።

ማርሚታውን በቫኪዩም መለኪያ ፈትኑት። መለኪያውን የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ላይ አገናኙ፣ ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ያዙት። መርፌው ሳይንቀሳቀስ ከቆመ ጥሩ። ቀስ እያለ ከወረደ ጭሱ መውጫ አጥቷል። ሁለት ግድግዳ ያለው ቱቦ ውስጡ ተጣጥፎ ውጪው ምንም ሳይመስል ይታፈናል፤ በመዶሻ ብታንኳኩት አይናገርም።

በሁሉም መሃል አንድ ሕግ አለ፦ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ሞክሩ፣ ጻፉ። ሙከራውም "የተሻለው ይመስለኛል" አይሁን። መኪና የሌለበት አንድ ዳገት ምረጡ፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ አጠገባችሁ ያለው ሰው ይያዝ። በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ማርሽ። ጆሮ ያታልላል፤ ማርሚታው የተቀደደ መኪና ሁልጊዜ ፈጣን ይመስላል።

እኔ ያልኳችሁን ሁሉ ሳላውቅ በፊት የራሴን መኪና ካርቡራተሮች ሦስት ጊዜ ፈታትቼ ገጥሜአቸዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ችግሩ ያው፤ ከተማ ውስጥ ደህና፣ ረጅም መንገድ ላይ ከ90 በላይ እምቢ። ቾኩን ስስበው ይነቃ ነበር፤ ምን እንደሚለኝ ግን አልገባኝም። በመጨረሻ ከታንኩ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን የድሮ ላስቲክ ቱቦ በሌላ ምክንያት ስቀይር በጩቤ ከፈልኩት። ውጪው አዲስ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ከቤንዚኑ ጋር ከተደባለቀው ኢታኖል የተነሳ ይመስለኛል ተልጦ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል፤ ፓምፑ ጠንክሮ ሲስብ ምላሱ እየተነሳ መንገዱን ይዘጋ ነበር። ግማሽ ክንድ የማይሞላ ቱቦ። ካርቡራተሮቹ ላይ አንድም ነገር አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን እኔ ያበላሸሁትን ለማስተካከል አራተኛ ጊዜ መፍታት ነበረብኝ።